18 ቡድን ለሁለት እኩል መክፈል ይሄን ያህል ያቅታል ወይ?

ጋሼ፣ ጥያቄዎትን አይቼዋለሁ፣ ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። ልጃቸው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፣ እሳቸውም በሱ ሰበብ የአሜሪካን ፉትቦል ማየት ጀመሩ። ቢግ ቴን (ሜሪላንድ የሚጫወትበት የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ፣ ኮንፈረንስ ይሉታል) ምስራቅና ምዕራብ ተብሎ በተከፈለበት ጊዜ ሜሪላንድ በየዓመቱ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋን፣ ፔን ስቴት እየደረሰው ሲቀጠቀጥ የምዕራብ ቡድኖች ተዝናንተው የዋንጫ ጨዋታ ይገቡ ነበር፣ አሁን ደሞ ጭራሽ ዲቪዥን (ምድብ) የሚባል የለም። "18ቱን ለሁለት እኩል አድርጎ መክፈል ይሄን ያህል ያቅታል ወይ? አንተ የጨዋታ ፕሮግራም ማውጣት ስራህ ከሆነ እንዴት ትከፍለው ነበር?" ነው ያሉት።

መልሱ አያቅትም ነው ጋሼ። መክፈሉማ ቀላሉ ስራ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ እኩል ያደረጉት ነገር ሁለት ሶስት ዓመት ሳይሞላው እኩል መሆኑን ያቆማል፣ ለሱ ሲሉ ያፈረሱትን ደርቢ ግን ህዝቡ እድሜ ልኩን አይረሳልዎትም። 18 ሲሆን ደሞ ሌላ የሂሳብ ጣጣ አለው፣ እሱ ላይ እደርሳለሁ፣ እስቲ ትንሽ ከኋላ ልነሳ።

ዲቪዥን የሚባለው ነገር ለፍትህ ተብሎ አልመጣም። የኤንሲኤኤ (የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ድርጅት) ህግ ነው ያመጣው። ህጉ፣ ኮንፈረንሱ 12 አባል ካለው፣ ለሁለት ከከፈለውና በየዲቪዥኑ ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ከተጫወተ ከተፈቀደው የጨዋታ ቁጥር በላይ አንድ የዋንጫ ጨዋታ መጨመር ይችላል ይል ነበር። ኤስኢሲ የሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ ይቺን ቀዳዳ አየና አርካንሳስንና ሳውዝ ካሮላይናን አስገብቶ 12 ሞላ፣ በ1992 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው) በርሚንግሃም ላይ የመጀመሪያውን የዋንጫ ጨዋታ አደረገ፣ አላባማ ፍሎሪዳን 28 ለ 21 ረታ፣ ቲቪው ብሩን አመጣ፣ ከዛ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ስለዚህ ያኔ ጥያቄው "መክፈል ይሻላል ወይ" አልነበረም፣ መክፈል ግዴታ ስለሆነ "እንዴት ይከፈል" ብቻ ነበር። ያ ግዴታ በ2022 ተነሳ። ፓክ 12 የሚባለው ኮንፈረንስ እዛው ዓመት ላይ የሁለቱን ዲቪዥን አንደኞች ማገናኘት ትቶ ከጠቅላላው ሰንጠረዥ አንደኛና ሁለተኛውን አጫወተ፣ ኤሲሲ በ2023፣ ቢግ ቴንና ኤስኢሲ በ2024 ዲቪዥኑን ተዉት። ግዴታው ሲነሳ ሁሉም ሮጦ መውጣቱ ራሱ የሚነግሮት ነገር አለ።

አሁን "እኩል" ስንል ምን ማለታችን ነው የሚለውን እንይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። እርስዎ የተናደዱበትን 2022ን ልውሰድ። በመደበኛው ሲዝን ምስራቆቹ ያሸነፉት ጨዋታ ሚሺጋን 12፣ ኦሃዮ ስቴት 11፣ ፔን ስቴት 10፣ ሜሪላንድ 7፣ ሚሺጋን ስቴት 5፣ ራትገርስና ኢንዲያና 4 4 ነው፣ ድምሩ 53። ምዕራብ ደሞ ፐርዱ፣ ሚኔሶታና ኢሊኖይ 8 8 8፣ አይዋ 7፣ ዊስኮንሰን 6፣ ኔብራስካ 4፣ ኖርዝዌስተርን 1፣ ድምሩ 42። ልዩነቱ 11 ነው። ግን ከዛ ውስጥ 9ኙ የመጣው ከላይኞቹ ሶስት ቡድኖች ብቻ ነው፣ 33 ለ 24። የቀሩትን አራት አራት ብትደምሯቸው 20 ለ 18 ናቸው፣ በቃ እኩል ማለት ነው። ስለዚህ ምስራቅ ዲቪዥን በጥቅሉ ከባድ አልነበረም፣ ጫፉ ነው ከባድ የነበረው። ዋንጫ ጨዋታ የሚገባው ደሞ ጫፉ ነው። አማካይ እየደመረ "ይኸው ተመጣጥኗል" የሚል ሰው ሲያገኙ ከላይ ያሉትን ሶስቱን ብቻ አውጣና ደግመህ ደምርልኝ ይበሉት።

በዛ ዓመት የሆነውም ይሄው ነው፣ ኦሃዮ ስቴት 11 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ (በሚሺጋን) ቤቱ ቁጭ አለ፣ ፐርዱ 8 ለ 4 ይዞ (8 አሸንፎ 4 ተሸንፎ ማለት ነው) ኢንዲያናፖሊስ፣ የዋንጫ ጨዋታው ላይ ገባና በሚሺጋን 43 ለ 22 ተሸኘ። ከ2014 እስከ 2023 ድረስ ምስራቅና ምዕራብ አስር ጊዜ ተገናኝተው አስሩንም ምስራቅ ወሰደው። አስር ለዜሮ! 2014 ላይ ኦሃዮ ስቴት ዊስኮንሰንን 59 ለ 0፣ 2021 ላይ ሚሺጋን አይዋን 42 ለ 3፣ 2023 ላይ 26 ለ 0። በነገራችን ላይ 2015 ላይ አይዋ፣ 2017 ላይ ደሞ ዊስኮንሰን ለጥቂት ነው ያመለጣቸው፣ ሁሉም ድባቅ አልነበረም።

እና አሰራሩ ምንድነው ካሉኝ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ድልድል ሲወጣ እንደሚያዩት ቋት ነው። ቡድኖቹን በአቅማቸው ደርድሮ ቋት አንድ፣ ቋት ሁለት ማድረግና ከየቋቱ እኩል እኩል ወደ ሁለቱም ወገን ማካፈል። ለአቅም መለኪያ እኔ የአራት አምስት ዓመት ውጤት እወስዳለሁ፣ የቅርቡን ዓመት ክብደት እሰጠዋለሁ፣ የተጫዋች ምልመላቸውንም አያለሁ። ቢግ ቴን ራሱ በ2010 ኔብራስካ ሊመጣና 12 ሊሞላ ሲል ያደረገው ይሄንኑ ነበር። ያኔ ኮሚሽነር የነበረው ጂም ዴላኒ ቅድሚያ የምንሰጠው ለፉክክር እኩልነት ነው ብሎ ፔን ስቴት ከገባበት ከ1993 ጀምሮ ያለውን ውጤት ይዘው ከፈሉ፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ፔን ስቴትና ዊስኮንሰን ባንድ ወገን፣ ሚሺጋን፣ ኔብራስካና አይዋ በሌላው። ካርታውን ረስተው ነው የከፈሉት። ስሙን "ሌጀንድስ" እና "ሊደርስ" አሉት፣ ሰው በስሙ ሳቀበት፣ የትኛው ቡድን የቱ ውስጥ እንዳለ ማንም አይይዘውም ነበር። ግን አከፋፈሉ መጥፎ አልነበረም እኮ! ሶስት ዓመት ነው የቆየው፣ ዊስኮንሰን 42 ለ 39፣ ዊስኮንሰን 70 ለ 31፣ ሚሺጋን ስቴት 34 ለ 24፣ ማለትም ሁለቴ አንዱ ወገን አንዴ ሌላው። (የ2012ቱ ዊስኮንሰን ከምድቡ ሶስተኛ ነበር፣ ኦሃዮ ስቴትና ፔን ስቴት ቅጣት ላይ ስለነበሩ በነሱ ቦታ የገባ 7 ለ 5 ቡድን ነው፣ ከዛ ሄዶ ኔብራስካ ላይ 70 አገባ፣ ይሄን ስፖርት የምወደው ለዚህ ነው።) 2014 ላይ ሜሪላንድና ራትገርስ ሲመጡ ግን ሰው በካርታ ይሁንልን አለና በካርታ ሆነ፣ ውጤቱን ከላይ አይተዋል።

እሺ፣ በቋት ከፍለን ተመጣጠነ እንበል። ስንት ጊዜ ይቆያል? ቢግ 12ን፣ ኔብራስካ መጀመሪያ የነበረበትን ኮንፈረንስ ይመልከቱ። 1996 ላይ ሰሜንና ደቡብ ብለው ከፈሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት የዋንጫ ጨዋታዎች ደቡብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ሰሜን እየተፈራረቁ አራት ለአራት ወጡ። በትዕዛዝ ቢያሰሩት እንዲህ አይሳካም። ከዛ ከ2004 እስከ 2010 ሰባቱንም ደቡብ ወሰደው፣ 2005 ላይ ቴክሳስ ኮሎራዶን 70 ለ 3 አድርጎ። አከፋፈሉ ላይ አንድም ነገር አልተቀየረም፣ እነዛው ስድስት ስድስት ቡድኖች ናቸው። የተቀየረው ሰሜን ውስጥ የነበረው ኔብራስካ ነው። በ90ዎቹ ሶስት ጊዜ የሀገሪቱ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነበር፣ ቢግ ቴንም በ2010 ሲከፍል ያንን ስም አስቦ ከጠንካሮቹ ጎን ቆጠረው፣ በኋላ ግን ከ2017 እስከ 2023 ሰባት ዓመት ሙሉ ካሸነፈው የተሸነፈው የበዛ ሆነ።

የአሁኑ ዘመን ደሞ ይባስ ብሏል። ተጫዋች እንደፈለገ ትምህርት ቤት መቀየር ከቻለ ወዲህ አንድ ቡድን ባንድ ክረምት ሌላ ቡድን ሆኖ ይመጣል። ኢንዲያናን ይዩት፣ 2023 ላይ 3 ለ 9 ነበር፣ ያኔ ቋት ቢወጣ የመጨረሻው ቋት ውስጥ ነው የማስገባው፣ ማንም ባለሙያ እዛው ነው የሚያስገባው። አሰልጣኝ ቀየሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት መደበኛውን ሲዝን 11 ለ 1 ጨረሱ፣ 2025 ላይ ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 ረትተው የቢግ ቴንን ዋንጫ አነሱ። የኤሲሲም እንደዛው ነው፣ ፍሎሪዳ ስቴትንና ማያሚን ለያይተው ያስቀመጧቸው የዋንጫ ጨዋታው የነሱ እንዲሆን ነበር፣ ዲቪዥኑ እስኪፈርስ ድረስ አንድም ቀን እዛ ላይ አልተገናኙም። ኮስታል የሚባለው ወገን ከ2013 እስከ 2019 ሰባት ቡድኖች በሰባት ዓመት ተራ በተራ አንደኛ ወጡለት፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ፣ ውስጡ ከዚህ በላይ የተመጣጠነ ምድብ አይገኝም። ሰባቱም የዋንጫ ጨዋታውን ተሸነፉ።

ሁለተኛው ዋጋ ደርቢ ነው። ቋት ሲያወጡ ሁለት ጠንካራ ጎረቤታሞች መለያየታቸው አይቀርም፣ ከዛ "በየዓመቱ ይገናኙ" ተብሎ ቋሚ የክሮስኦቨር (ከወዲያኛው ወገን ቡድን ጋር የሚደረግ) ጨዋታ ይሰራላቸዋል። ጥሩ ይመስላል፣ ግን እዛው ያመጣነውን እኩልነት መልሶ ያበላሸዋል። ኤስኢሲ ውስጥ ቴነሲ ምስራቅ ነበር፣ ቋሚ ተጋጣሚው ግን ከምዕራብ አላባማ ነው፣ ከ2007 እስከ 2021 አስራ አምስት ጊዜ በተከታታይ አላባማ አሸነፈው። እዛው ምስራቅ ውስጥ ኬንታኪ ደሞ ቋሚው ሚሲሲፒ ስቴት ነበር። ሁለቱ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ነው የሚወዳደሩት እንግዲህ! ቴነሲዎችን አላባማን ልቀቁት ቢሏቸው ግን እሺ አይሉም፣ 2022 ላይ 52 ለ 49 ሲያሸንፉ የጎል ምሰሶውን ነቅለው ወንዝ ውስጥ ነው የከተቱት። ኔብራስካና ኦክላሆማም እንደዛው፣ በየዓመቱ ሀገር የሚቆምለት ጨዋታ ነበራቸው፣ ቢግ 12 ሰሜንና ደቡብ አድርጎ ሲለያያቸው ከአራት ዓመት ሁለቱን ብቻ የሚገናኙ ሆኑ፣ ጨዋታው ቀዘቀዘ፣ በኋላም ኔብራስካ ለቆ ሄደ።

አሁን ወደ እርስዎ 18 ልምጣ፣ በእውነት ስሰራው ደስ ያለኝ ነገር ስላለ ነው። 18 ቡድንን ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ለመክፈል 24,310 መንገድ አለ። ብዙ ይመስላል ግን ለኮምፒውተር ምንም አይደለም። አሁን ቢግ ቴን በየዓመቱ መደረግ አለባቸው ብሎ ያስጠበቃቸው 12 ጨዋታዎች አሉ፣ ሚሺጋን ከኦሃዮ ስቴትና ከሚሺጋን ስቴት፣ አይዋ ከሚኔሶታ፣ ከኔብራስካና ከዊስኮንሰን፣ ሚኔሶታ ከዊስኮንሰን፣ ኢሊኖይ ከኖርዝዌስተርንና ከፐርዱ፣ ኢንዲያና ከፐርዱ፣ ሜሪላንድ ከራትገርስ፣ ዩኤስሲ ከዩሲኤልኤ፣ ኦሪገን ከዋሽንግተን። ከነዚህ አንዱንም ሳልሰብር ልክፈል ካልን ቡድኖቹ በየጥቅሉ ይታሰራሉ፦ የአይዋ ጥቅል አራት፣ የኢሊኖይ ጥቅል አራት፣ የሚሺጋን ጥቅል ሶስት፣ ሶስት ጥንዶች ሁለት ሁለት፣ ፔን ስቴት ብቻውን አንድ። ወረቀት አውጥተው ይሞክሩት፣ ሶስት ያለበት ወገን ዘጠኝ ለመሙላት ስድስት ይፈልጋል፣ ስድስት ደሞ ከአራትና ሁለት ወይ ከሶስቱ ጥንዶች ነው የሚመጣው፣ አንዷ ፔን ስቴት ከገባች ቁጥሩ ጎዶሎ ይሆንና አይገጥምም። ስለዚህ ከ24,310 መንገድ የሚተርፈው ሰባት ብቻ ነው፣ በሰባቱም ውስጥ ፔን ስቴት ከሚሺጋንና ከኦሃዮ ስቴት ተለይቶ ሌላኛው ወገን ነው የሚወድቀው! ሜሪላንድን ሲያስለቅሱት ከነበሩት ሶስቱ አንዱ በራሱ ጊዜ ሄደ ማለት ነው።

ከሰባቱ እኔ የምመርጠው፣ ባንድ ወገን ሚሺጋን፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ኢሊኖይ፣ ኖርዝዌስተርን፣ ፐርዱ፣ ኢንዲያና፣ ሜሪላንድ፣ ራትገርስ፤ በሌላው አይዋ፣ ሚኔሶታ፣ ኔብራስካ፣ ዊስኮንሰን፣ ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ዩኤስሲ፣ ዩሲኤልኤና ፔን ስቴት። ጫፉን ብታዩት ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን እዚህ፣ ኦሪገን፣ ፔን ስቴትና ዩኤስሲ እዛ፣ ኢንዲያና እንደአሁኑ ከቀጠለ ደሞ ሶስት ለሶስት። ፔን ስቴት "ምዕራብ" መባሉ ያስቃል፣ ግን ኤስኢሲም ሚዙሪን ምስራቅ ብሎ አስራ ምናምን ዓመት ኖሯል። ይቅርታ ጋሼ፣ ሜሪላንድ እዚህም ከኦሃዮ ስቴት አላመለጠም። ጥንዶቹን ላለዋውጥልዎት ብዬ ሜሪላንድና ራትገርስን ወደዛ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተንን ወደዚህ ባመጣ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋንና ኦሪገን ባንድ ወገን ተከማችተው 2022 ተመልሶ ይመጣል።

እንግዲህ ይኸው ተከፈለ፣ ደርቢ አልተሰበረም፣ ጫፉ ተመጣጥኗል። ግን አልጠቀምበትም፣ ለምን? ቢግ ቴን ውስጥ አንድ ቡድን የሚጫወተው የኮንፈረንስ ጨዋታ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ቡድን ያለበት ዲቪዥን ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ከተጫወተ ስምንቱ እዛው አለቀ። ከወዲያኛው ወገን የሚደርስዎት በዓመት አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ዘጠኙን ለማዳረስ ዘጠኝ ዓመት፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ሜዳ ድረስ መጥተው ለማየት 18 ዓመት። ልጅዎ ተመርቆ፣ አግብቶ፣ የሱ ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ሲል ኦሪገን ይመጣል ማለት ነው። ይሄ ደሞ ግምት አይደለም፣ ኤስኢሲ 14 ሆኖ ሰባት ሰባት ሲከፈል በስምንት ጨዋታ ስድስት እዛው፣ አንድ ቋሚ፣ አንድ ተራ ነበር የሚደርሰው፣ ቴክሳስ ኤይ ኤንድ ኤም 2012 ላይ ገብቶ ዲቪዥኑ በ2023 እስኪያበቃ ጆርጂያ አንዴም ሜዳው ላይ ሄዶ አልተጫወተም። ኤሲሲ ውስጥማ ዌክ ፎረስትና ኖርዝ ካሮላይና አንድ ስቴት ውስጥ ተቀምጠው፣ አንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ሆነው፣ ወገናቸው ስለተለያየ ለመገናኘት ሲሉ በ2019ና በ2021 የኮንፈረንስ ያልሆነ ጨዋታ ተዋዋሉ። ያኔ ኮንፈረንስ መሆኑ ቀርቷል፣ ሁለት ሊግ ነው፣ እኛ ሀገር ከፍተኛ ሊጉን ምድብ ሀ ምድብ ለ እንደሚሉት፣ የሚያገናኘው የቲቪ ውሉ ብቻ።

ለዚህ ነው ቢግ ቴን 12ቱን ጨዋታ አስጠብቆ ሌላውን ማዞር የመረጠው። አይዋ ሶስት ቋሚ አለው፣ ፔን ስቴት አንድም የለውም፣ ሜሪላንድ ራትገርስን ብቻ። ሁሉም እኩል ቋሚ ይኑረው ብለው ድርቅ አለማለታቸው ጎበዝ ያሰኛቸዋል፣ ሌላ ቦታ "ለሁሉም ሶስት ሶስት" ሲባል የማይዋደድም የማይጣላም ቡድን በግድ ይጋባል። የተቀረውን ቢያንስ በአምስት ዓመት ሁለቴ፣ አንዴ ሜዳዎ ላይ አንዴ ሜዳቸው ላይ ያገኙታል።

እንከን የለውም አልልም። 18 ቡድን ውስጥ 153 ጥንድ አለ፣ በሲዝን የሚደረገው 81 ጨዋታ ነው፣ ግማሽ የሚጠጋው ሳይገናኝ ይቀራል። 2024 ላይ ፔን ስቴትና ኢንዲያና ሁለቱም 8 ለ 1 ሆነው እርስ በርስ ሳይጫወቱ ፔን ስቴት በታይብሬከር (እኩል የሆኑትን በሚለይ ደንብ) ዋንጫ ጨዋታው ገባ፣ ኢንዲያናዎች ቢያኮርፉ አልፈርድባቸውም። ዲቪዥንም ግን ከዚህ ጣጣ አያድንም፣ 2008 ላይ ቢግ 12 ደቡብ ውስጥ ቴክሳስ ኦክላሆማን፣ ኦክላሆማ ቴክሳስ ቴክን፣ ቴክሳስ ቴክ ቴክሳስን አሸንፈው ሶስቱ እኩል ወጡ፣ በቢሲኤስ (ያኔ የነበረው ሀገር አቀፍ ሰንጠረዥ) ደረጃ ኦክላሆማ ገባ፣ የቴክሳስ ሰዎች "45 ለ 35 አሸንፈነው!" እያሉ እስካሁን ይጮሃሉ።

ዲቪዥን የሚሰራበት ቦታ ካሉኝ ሰን ቤልት የሚባለው ኮንፈረንስ ነው። 14 ቡድን፣ ምስራቅና ምዕራብ፣ ሌላው ሲተው እነሱ ይዘው ቀጠሉ። እነዛ ትምህርት ቤቶች የቢግ ቴን ዓይነት የቲቪ ገንዘብ የላቸውም፣ አፓላቺያን ስቴት ከኮስታል ካሮላይናና ከማርሻል ጋር በአውቶብስ ርቀት መጫወቱ በጀታቸውን ያተርፋል፣ ደጋፊውም መኪናውን አስነስቶ ይከተላል። እዛ በካርታ መክፈል ልክ ነው፣ አንዱ ወገን ሁለት ሶስት ዓመት ቢበረታም ይሁን ብለው የተቀበሉት ነው።

የሜሪላንድን ነገር በተመለከተ፣ ኦሃዮ ስቴት በየዓመቱ መምጣቱ ቀርቶልዎታል። 2018 ላይ 52 ለ 51 በትርፍ ሰዓት የተሸነፉባትን ጨዋታ ካላዩ ግን ፈልገው ይዩ፣ ሁለት ነጥብ ለማግባት ሞክረው ኳሱ ክፍት ከቆመው ልጅ እጅ ሳይደርስ የቀረባትን። ሰባቱንም አከፋፈል ዘርዝሬ ልላክልዎ ካሉ ደሞ ይንገሩኝ፣ ሰርቼ አስቀምጫቸዋለሁ።